ሌላው ካምፕ

በስደት ለኖረ ሰው «ካምፕ» የሚለው ቃል ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ድንኳን፣ የራሽን ሰልፍ፣ ተራ የሚጠብቅ ጀሪካን፣ ስሙ እስኪጠራ ድረስ ቀን የሚቆጥር ሰው። እኔም በሱዳን ገዳሪፍ አካባቢ ሁለት ክረምት በካምፕ አሳልፌአለሁና፣ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የዚያ አገር አቧራ ነው። ስለዚህም በ1999 (ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ሁሉ እንደዚያው ናቸው) ለንደን ውስጥ አብሮኝ በአንድ ማተሚያ ቤት ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ ባልደረባዬ፣ «ለሦስት ቀን ካምፕ ሄደን ሙዚቃ እንስማ፤ አንዱ ጓደኛችን ስለቀረ ቲኬት ተርፎናል» ቢለኝ ሳቄ መጣ። «ከካምፕ ለመውጣት ስንት ደጅ የጠናሁ ሰው፣ አሁን ደግሞ በቲኬት ተመልሼ ልግባ?» አልሁት።

ሰውየው ለምን እንደ ሳቅሁ አልገባውም። በእሱ ቤት ካምፕ ማለት በልጅነቱ እናትና አባቱ በየበጋው ለአንድ ሳምንት ይወስዱት የነበረ የደስታ ቦታ ነው። አንድ ቃል ነው፤ ግን እኔና እሱ በየፊናችን የተሸከምነው ትዝታ ለየቅል ነበር።

ውድ አንባብያን፤ ያ ሌላው ካምፕ ምን እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ሠራው፣ በኋላም ሙዚቀኞች እንዴት እንደ ወረሱት ላጫውታችሁ እወዳለሁ። ነገሩ የፈረንጅ ጨዋታ ይመስላል። እስከ መጨረሻው ብትከተሉኝ ግን እኛንም የሚመለከት ጉዳይ እንዳለበት ታያላችሁ።

የመጀመሪያው ጉዞ

በኤፕሪል ወር፣ ዓርብ ዕለት፣ ከለንደን ባቡር ተሳፍረን በአሽፎርድ በኩል ራይ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ሄድን። ከዚያ ካምበር ሳንድስ በአውቶቡስ ጥቂት ደቂቃ ነው። ካምበር በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምሥራቅ፣ በሰሴክስ፣ አሸዋው እንደ ኮረብታ የተከመረበት የባሕር ጠረፍ ነው። የእረፍት መንደሩን በር አልፈን ስንገባ ያየሁት ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤን አላሞቀውም። ረጃጅም ቤቶች በመስመር በመስመር ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው በብዙ ክፍል የተከፈሉ ናቸው። ክፍሎቹን እንግሊዞች «ሻሌ» ይሏቸዋል። አንዱ ሻሌ ጠባብ መኝታ ቤት፣ ሶፋ ያለው ሳሎንና ትንሽ የማብሰያ ጥግ አለው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ማለት ይቻላል።

ዝግጅቱ «ቦውሊ ዊክኤንደር» ይባል ነበር። ከኤፕሪል 23 እስከ 25 ቀን 1999 ድረስ የቆየ ሲሆን፣ ጋባዡ ቤል ኤንድ ሰባስቲያን የሚባለው የግላስጎው ባንድ ነው። ይህ ባንድ በ1996 የተቋቋመ፣ ስሙን ከአንድ የፈረንሳይ የልጆች ታሪክ የወሰደ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር የብሪት ሽልማትን በአዲስ ባንድነት ያገኘ ነው። ሞግዋይ፣ ቲንኤጅ ፋንክለብ፣ ፓስቴልስና ስሊተር ኪኒ የሚባሉትም ነበሩ። ከነዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበር።

ዓርብ ማታ ራት መሥራት የእኔ ድርሻ ሆነ። ባለቤቴ «ፈረንጅ የሚበላውን አትችለውም» ብላ ሽሮና በርበሬ በፌስታል ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበርና ሽንኩርቱን አቁላላሁ። እንግዲህ የሽሮ ሽታ በዚያ በስስ ግድግዳ መሐል ምን እንደሚያደርግ እናንተ ታውቁታላችሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በር ተንኳኳ። ከላይኛው ሻሌ የመጡ ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ። ቁጭ አሉ። ቀጥሎም ሌሎች መጡ። እንጀራ ስለሌለ በዳቦ አጣቀስን፤ ለሦስት ቀን የታሰበው ሽሮ በአንድ ማታ አለቀ። በለንደን አራት ዓመት ስኖር ከአጠገቤ ያለው ጎረቤት አንድ ቀን በሬን አንኳክቶ አያውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በመንደሩ ሱቅ ወተትና እንቁላል ለመግዛት ስሰለፍ ከፊቴ ያለው ፀጉሩ የተንጨባረረ ልጅ ሳንቲም ጎድሎት አሥር ፔንስ ሰጠሁት። ማታ መድረክ ላይ ጊታር ይዞ ሳየው ዓይኔን አላመንሁም። ባልደረባዬን ብነግረው አልደነቀውም። «እዚህ እንዲያ ነው፤ ሁሉም የሚያድረው ከአንድ ዓይነት ሻሌ ነው» አለኝ። በእኛ አገር ትልቅ ዘፋኝ በኋላ በር ገብቶ በኋላ በር ይወጣል። እዚያ ግን ዘፋኙም፣ አድማጩም፣ ድምፅ ማጉያውን የሚሸከመውም ጎረቤታሞች ነበሩ።

ሙዚቃውስ እንዴት ነበር ትሉኝ ይሆናል። ገሚሱ አልገባኝም። ሞግዋይ የሚባሉት ግን ያለ ቃል፣ በጊታር ብቻ፣ ቀስ ብለው ጀምረው ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሲያነሡት፣ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት የሚሰማኝ ዓይነት ስሜት መጣብኝ። ቃል የሌለው ፉከራም ፉከራ ነው።

የአምስት ፓውንዱ ስደተኛ

ከዚያ ጉዞ ስመለስ ይህን መንደር ማን እንደ ፈጠረው ለማወቅ ጓጓሁና በሠፈሬ ቤተ መጻሕፍት መፈለግ ያዝሁ። ያገኘሁትም የአንድ ስደተኛ ታሪክ ነው።

ቢሊ በትሊን በ1899 በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ታውን ተወለደ። በልጅነቱ ወደ ካናዳ ሄደ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በካናዳ ጦር አገለገለ። በ1921 ወደ እንግሊዝ ሲመጣ በኪሱ የነበረው፣ ራሱ እንደሚተርከው፣ አምስት ፓውንድ ነው። በየገበያውና በየትርዒቱ ቀለበት የማስወርወር ጨዋታ እያዘጋጀ ገንዘብ አጠራቀመ። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሠራተኛ ለእረፍት ወደ ባሕር ሲሄድ የሚያርፈው በኪራይ ቤቶች ነበር። የብዙዎቹ ባለቤቶች ደግሞ ቁርስ ካበሉ በኋላ እንግዶቻቸውን እስከ ማታ ከቤት ያስወጣሉ። ቢዘንብም ባይዘንብም ቤተሰቡ ልጆቹን ይዞ በየመንገዱ ይንከራተታል። በትሊን ይህን አይቶ፣ ዝናብ የማይበግረው፣ መኝታውም ምግቡም ጨዋታውም በአንድ ግቢ የሆነ ቦታ ለመሥራት አሰበ። የመጀመሪያውን መንደር በስኬግነስ በኤፕሪል 1936 ከፈተ።

1936 ለእኛ ምን ዓመት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በሜይ ወር አዲስ አበባ በጣልያን ጦር ተያዘች፤ በጁን መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን ገቡ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ነው። የእንግሊዝ ሠራተኛ በባሕር ጠረፍ በተሠራለት መንደር ሲያርፍ፣ በዚያው ምድር የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ማረፊያ ይፈልጉ ነበር።

የበትሊን መፈክር የአንድ ሳምንት እረፍት በአንድ ሳምንት ደመወዝ የሚል ነበር። በ1938 ሠራተኛ ደመወዝ እየተከፈለው እንዲያርፍ የሚያስችል ሕግ ወጣና ሐሳቡ ከዘመኑ ጋር ገጠመ። ጦርነቱ ሲጀመር የስኬግነሱ መንደር ወደ ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ተለወጠ። እንግዲህ «ካምፕ» የሚለው ቃል በነሱም ዘንድ ከእረፍት ወደ ጦር፣ ከጦር ወደ እረፍት ተመላልሷል ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ፍሬድ ፖንቲን የሚባል ሌላ ሰው የራሱን መንደሮች መክፈት ጀመረ። እኔ የሄድሁበት የካምበሩ መንደር የዚህ የፖንቲንስ ነበር።

ሙዚቃም ከመጀመሪያው ጀምሮ በነዚህ መንደሮች ነበረ። ቀይ ኮት የለበሱት የበትሊን አስተናጋጆች ቀን ልጆች ያጫውታሉ፣ ማታ ይዘፍናሉ። በ1962 ክረምት ሪንጎ ስታር በስኬግነስ መንደር ከሌላ ባንድ ጋር ከበሮ እየመታ ሳለ ነው ቢትልሶች ጠርተው የወሰዱት።

ይሁን እንጂ ዘመን ይለወጣል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ አውሮፕላን ረከሰ፤ ሠራተኛው ዝናቡን ትቶ ወደ ስፔን ፀሐይ በረረ። በትሊን ከሠራቸው መንደሮች ውስጥ የፋይሊውና የክላክተኑ በ1983 ተዘጉ። የቀሩትም በበጋ እየሞሉ በክረምትና በጸደይ ባዶአቸውን የሚያድሩ ሆኑ። ባዶ ቤት ደግሞ ተከራይ ይፈልጋል። በ1979 ኬይስተር በሚባለው የኖርፎክ ጠረፍ የሶል ሙዚቃ ወዳጆች የእረፍት መንደር ተከራይተው ቅዳሜና እሑድን ሌሊቱን ሙሉ መጨፈር ጀመሩ። ኢንዲዎቹ የመጡት ከነሱ ሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ኢንዲ ማለት ምን ማለት ነው?

«ኢንዲ» ራሱን የቻለ፣ ጥገኛ ያልሆነ ማለት ነው። ቃሉ መጀመሪያ የሙዚቃ ዓይነት መጠሪያ አልነበረም፤ የሸክላ አሳታሚዎች መጠሪያ ነው። በጃንዋሪ 1977 ባዝኮክስ የሚባሉ የማንችስተር ልጆች ከቤተሰብና ከወዳጅ 500 ፓውንድ ተበድረው፣ ትልልቆቹን ኩባንያዎች ደጅ ሳይጠኑ፣ በገዛ እጃቸው 1,000 ሸክላ አሳተሙ። ሸክላው አለቀ፤ እንደገና ታተመ። ይህን ያየ ሁሉ «እኛስ ለምን አናደርገውም?» አለ። በ1980 የነዚህ አሳታሚዎች ሽያጭ ለብቻው በሠንጠረዥ መውጣት ጀመረ፤ ውሎ አድሮም ስሙ ለሙዚቃው ተሰጠ።

ይህን ስሰማ ግን «የኛው አምኃ እሸቴ ቀድሟቸዋል» ማለቴ አልቀረም። እንደሚታወቀው በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምኃ እሸቴ ግን በ1969 ክልከላውን ጥሶ፣ በራሱ ገንዘብ፣ ሸክላውን ውጭ አገር እያሳተመ ማውጣት ጀመረ። ዓለማየሁ እሸቴ፣ ማሕሙድ አሕመድና ሌሎችም በእሱ በኩል ወጡ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ ካሳተመ በኋላ እሱም እንደ ብዙዎቻችን አገሩን ለቅቆ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሥራው በኋላ «ኢትዮፒክስ» በሚለው የፈረንሳይ ተከታታይ ሲዲ እንደገና ሲወጣ፣ ሲዲውን ከሚገዙት መካከል እነዚያ በካምበር ያገኘኋቸው ዓይነት ልጆች ይገኙበታል። ሙላቱ አስታጥቄን ያስተዋወቀኝ እንኳ ከማተሚያ ቤቱ ያ እንግሊዛዊ ነው ብላችሁ ታፍሩብኝ ይሆን? ስሙንማ አውቀው ነበር። ሥራውን ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማዳመጥን ግን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ጋባዡ ራሱ ዘፋኝ ሲሆን

ከቦውሊ በኋላ አዘጋጁ ባሪ ሆገን ዝግጅቱን ቋሚ አደረገው። ስሙንም ከቬልቬት አንደርግራውንድ ዘፈን ርእስ ወስዶ «ኦል ቱሞሮውስ ፓርቲስ» አለው። የመጀመሪያው በኤፕሪል 2000 በዚያው በካምበር ተደረገ፤ ጋባዡም ሞግዋይ ነበር። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነው። በየጊዜው አንድ ባንድ ወይም አንድ የጥበብ ሰው ይመረጥና «ማንን መስማት ትፈልጋለህ?» ይባላል። እሱም የሚወዳቸውን ይጠራል። ነጋዴው ሳይሆን ዘፋኙ የድግሱ አባወራ ይሆናል ማለት ነው። በየሻሌው ባለው ቴሌቪዥን የሚታየውን ፊልም እንኳ ጋባዡ ይመርጥ ነበር። የንግድ ድርጅት ማስታወቂያ በመድረኩ ላይ አይሰቀልም።

በ2001 የቺካጎው ቶርቶይዝ፣ በ2002 ሼላክ ጋበዙ። በ2005 ስሊንት የተባለው፣ ከተበተነ ብዙ ዓመት የሆነው ባንድ፣ ለዚሁ ድግስ ሲል እንደገና ተሰበሰበ። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ዝግጅቱ ሰፋ ወዳለው የበትሊን መንደር፣ በምዕራብ እንግሊዝ ወደሚገኘው ማይንሄድ ተዛወረ። በሜይ 2010 ደግሞ ልጆቻችን የሚያውቁትን «ሲምፕሰንስ» የፈጠረው ማት ግሬኒንግ ጋባዥ ሆነ።

ለአሜሪካ አንባብያን ይህን ልጨምር። ድግሱ ከ2008 እስከ 2010 ድረስ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በካትስኪል ተራሮች፣ ኩትሸርስ በሚባል አሮጌ የእረፍት ሆቴል ይደረግ ነበር። በ2010 ከጋባዦቹ አንዱ ጂም ጃርሙሽ ነው። በ2005 በሠራው ፊልም የሙላቱን ዜማ ለዓለም ያሰማ ዳይሬክተር ነውና ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኩትሸርስን በ1907 የመሠረቱት አይሁድ ናቸው። በዚያ ዘመን ብዙ ሆቴሎች አይሁዳዊ አናስገባም ይሉ ስለነበር፣ ከኒው ዮርክ ከተማ የልብስ ስፌት ቤቶች የሚወጣው ስደተኛ ሠራተኛ ማረፊያ አልነበረውም። ስለዚህ የራሱን ሠራ። በነዚያ የካትስኪል ሆቴሎች ወጣቱ ተጋባ፣ ቀልደኛው ቀልድ ተማረ፣ ዘፋኙ ዘፈነ። ልጆቹ በየትኛውም ሆቴል መግባት ሲችሉ ግን የአባቶቻቸው ባዶ ቀረ። ኢንዲዎቹ የደረሱት በስተርጅናው ነው። ኩትሸርስ በ2013 ተዘግቶ በ2014 ፈረሰ።

በሁለቱም አገር ታሪኩ አንድ ነው። ማረፊያ የተነፈገ ሕዝብ ማረፊያ ሠራ፤ ጊዜ ሲያልፍለት ትቶት ሄደ፤ ሌላ ማረፊያ የሌለው ደግሞ ገባበት። እነዚያ ኢንዲዎች በየትምህርት ቤታቸውና በየሠፈራቸው አንድ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የሚወዱትን ሙዚቃ የሚወድላቸው ጎረቤት አልነበራቸውም። ለሦስት ቀን ግን መንደር ሙሉ ጎረቤት አገኙ። እኔ ኢንዲ አይደለሁም፤ ስሜታቸው ግን ገብቶኝ ነበር።

ከልጄ ጋር

ቤል ኤንድ ሰባስቲያን ከ10 እስከ 12 ዲሴምበር 2010 በማይንሄድ ሁለተኛውን ቦውሊ ጋበዙ። ያን ጊዜ ልጄ 19 ዓመቷ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የገባችበት ዓመት ነው። በ1999 ከካምበር ስመለስ «አባዬ፣ ፈረንጆቹ ሽሮ በሉ?» ብላ ስትጠይቀኝ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ቋንቋ ገብቷል። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ቀስ እያለ ጥያቄውም መልሱም እያጠረ መጣ። ብዙ ወላጆች ይህን ታውቁታላችሁና አላበዛም።

አንድ ማታ ስልክ ደወለችና «አባዬ፣ ያንተ ባንድ እንደገና ሊጋብዝ ነው፤ ሁለት ቲኬት ይዣለሁ፤ ትመጣለህ?» አለችኝ። «ያንተ ባንድ» ስትለኝ ደስ አለኝ።

ያ ዲሴምበር በእንግሊዝ አገር በመቶ ዓመት ውስጥ እጅግ ከቀዘቀዙት አንዱ ነበር። በባቡር እስከ ቶንተን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ማይንሄድ ደረስን። ትልቁ ነጭ ድንኳን መሰል ጣሪያ ከሩቅ ታየ። ስናየው ሳላስበው «ካምፑ ይኸው» አልሁ፤ እሷም ሳቀች። ቲንኤጅ ፋንክለብን እንደገና ሰማሁ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ እነሱም እኔም ሸብተናል። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ከፊት ቆማ ትጨፍራለች፤ እኔ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌአለሁ። በየመካከሉ ዞር እያለች ታየኛለች፤ እኔም እጄን አነሣለሁ።

ቅዳሜ ሌሊት ሻሌአችን ገብተን እናቷ የላከችውን ሽሮ አሞቅን። በስሱ ግድግዳ ማዶ ጎረቤቶች ጊታር ይመታሉ። ሳህኑን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አባዬ፣ ያንተ የመጀመሪያው ካምፕ ግን እንዴት ነበር?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ በ19 ዓመቷ ሁሉ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ነግሬአት አላውቅም። ለልጅ አይነገርም ብዬ ነው፤ ልጅ ግን ያልተነገረውንም ይሸከማል።

ነገርኋት። ድንበሩን በሌሊት እንዴት እንደ ተሻገርን፣ ስለ ውኃው ሰልፍ፣ ስለ ወባው፣ ከእኛ ጋር ተሰዶ ሳይመለስ ስለቀረው ታናሽ ወንድሜ። በዚያ ካምፕ ማታ ማታ አንድ ልጅ ከዘይት ቆርቆሮ በሠራው ክራር እየመታ ሲዘፍን በየድንኳኑ ደጃፍ ሰው እንዴት ጸጥ ይል እንደ ነበርም ነገርኋት። እሷ ይህን ስትሰማ «እንግዲያው እዚያም ፌስቲቫል ነበራችሁ» አለች። እንዲህ ያለ ቃል ሌላ ሰው ቢናገረው እቆጣ ነበር። እሷ ስትለው ግን አለቀስሁ። ጎረቤቶቹ እስከ ንጋት ድረስ ጊታር መቱ፤ እኛም እስከ ንጋት አወራን፤ ሳናውቀው እሷም ወደ አማርኛ ተመልሳ ነበር።

ምን ተረፈ?

ድግሱ ብዙ አልቆየም። አዘጋጁ ኩባንያ በ2012 በዕዳ ምክንያት ፈርሶ በሌላ ስም ቀጠለ፤ የመንደሩ ድግሶች በ2013 መጨረሻ «የዘመን ፍጻሜ» በሚል ስም በዚያው በካምበር ተዘጉ። በ2016 በዌልስ ፕሬስታቲን መንደር እንደገና ተሞክሮ ነበር፤ ሥራው ግን በዚያው ዓመት ጁን ላይ ጨርሶ ቆመ። ከዝግጅቶቹ አንዳንዶቹ በመሰረዛቸው ገንዘባቸውን ከፍለው የተጉላሉ ብዙዎች ናቸው። ፍቅር ብቻውን ሒሳብ አይዘጋም። ይህን ለእኛም ማኅበራት መሪዎች ማስታወስ ይገባል፤ ብዙ መልካም ድግስ የፈረሰው በጠላት ሳይሆን በሒሳብ መዝገብ ነው።

የፖንቲንስ የካምበርና የፕሬስታቲን መንደሮች በኖቬምበር 2023 መጨረሻ ተዘጉ። ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2024፣ የእንግሊዝ የእኩልነትና የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ይኸው ድርጅት የአየርላንድ ተጓዦች የሚባሉትን ሕዝቦች በሕገ ወጥ መንገድ ሲያገልል እንደ ነበር አስታወቀ። ስማቸው የአይሪሽ የሆነ ሰዎችን ላለማስተናገድ የስም ዝርዝር ተይዞ ነበር። ይህን ሳነብ ትዝታዬ ቆሰለ። ከነሙዚቃው፣ ከነጎረቤቱ የወደድሁት መንደር የሌላውን ሰው ስም አይቶ በር የሚዘጋ ሆኖ ተገኘ። እኛ ስማችን ሲጠራ የመታየትን ነገር እናውቀዋለንና ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። መልካም ትዝታም ቢሆን እውነቱን አብሮ መያዝ አለበት።

እንግዲህ ለእኛ የሚሆነው ምንድን ነው? የሰሜን አሜሪካ ወገኖቻችን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የእግር ኳስ ውድድር ብለው ይሰበሰባሉ። ከሚሄደው ሰው ስንቱ ለኳሱ ነው የሚሄደው? የጠፋ ጓደኛውን ለመፈለግ፣ ልጁን ለማሳየት፣ አማርኛ ከየአቅጣጫው ሲሰማ ለመዋል ነው። በየከተማችን ግን ድግሳችን ብዙ ጊዜ የአንድ ማታ አዳራሽ ነው፤ ተበልቶ፣ ተጨፍሮ፣ ሁሉም ወደ የቤቱ ይበተናል። የሻሌው መንደር ያስተማረኝ ነገር አብሮ ማምሸትና አብሮ ማደር የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ልጄ ያን ጥያቄ በአዳራሽ አትጠይቀኝም ነበር። ጥያቄው የመጣው ሳህን ሲታጠብ፣ ሌሊት፣ ከሦስት ቀን በሁለተኛው ነው።

የእረፍት መንደሮች ዛሬም በክረምት ወራት በርካሽ ይከራያሉ። ጥቂት ቤተሰቦች ተሰብስበው፣ ሽማግሌውም ወጣቱም ከአንድ ዓይነት ክፍል አድረው፣ አንድ ማታ አባቶች የሚወዱትን ዘፈን፣ አንድ ማታ ልጆች የሚወዱትን ቢያሰሙ ምን ይጎድላል? ጋባዡም በየዓመቱ ቢለዋወጥ፣ ሒሳቡም በንጹሕ መዝገብ ቢያዝ፣ በሩም ለማንም ስም የማይዘጋ ቢሆን ይህ ጸሐፊ ሽሮውን ይዞ ይመጣል።

ልጄ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ታላቁ ባለፈው ጊዜ ከትምህርት ቤት መጥቶ «አያቴ፣ በበጋ ካምፕ ልንሄድ ነው» ሲለኝ ከልጄ ጋር ተያየን። ቀድማኝ «የትኛው ካምፕ?» አለችው፤ ሁለታችንም ሳቅን። ልጁ ለምን እንደ ሳቅን አልገባውም። ጊዜው ሲደርስ እንነግረዋለን።

ቸር ይግጠመን።